«መስት ሃቭ ቢን ሴንት» የትኛው ጊዜ ነው?

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ልጄ በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ዘ ሌተርስ መስት ሃቭ ቢን ሴንት የስተርዴይ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር የግስ ሐረጉን አውጥቶ ጊዜውን እንዲጽፍ ተጠየቀ። «ሃቭ ቢን ሴንት፣ ፓስት ፐርፌክት» ብሎ ጻፈና ተሳሳተ። ጓደኛው «ፕሬዘንት ፐርፌክት» ብሎ እሱም ተሳሳተ። እኔ በተማርኩበት ዘመን አሥራ ሁለቱን ቴንሶች በቃሌ እወጣቸው ነበር፤ ይህን ግን ከየትኛው እንደምመድበው አላወቅሁም። የግስ ሐረግ ከየት ጀምሮ የት ያበቃል? ጊዜውስ በምን ይታወቃል?

ምላሽ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅዎን እንዳይቆጡት። ዓረፍተ ነገሩ አሥራ ሁለቱን ቴንሶች በቃል ለያዘ ሰው ወጥመድ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ በአንዱም ውስጥ አይገባምና። በቃል የያዙት ዝርዝር ያልረዳዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚፈታው ግሶቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተያያዙ ማየት ነው። ያንን አንዴ ያየ ልጅ የጊዜው ስም ቢጠፋው እንኳን ትርጉሙ አይጠፋውም።

አስቀድሜ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። «የግስ ሐረግ» በሁለት ትርጉም ይሠራበታል። በትምህርት ቤት ሰዋስው ዋናው ግስና ከፊቱ የተሰለፉት ረዳት ግሶች ብቻ ናቸው። የሥነ ልሳን ባለሙያዎች ግን ተሳቢውንና ሌላውን ማሟያ ጭምር ይጠቀልሉበታል። «ሺ ሃዝ ቦት ብሬድ» በሚለው ውስጥ ለትምህርት ቤቱ መምህር ሐረጉ «ሃዝ ቦት» ነው፤ ለሥነ ልሳን ባለሙያው «ሃዝ ቦት ብሬድ»። የልጅዎ ፈተና የፈለገው የፊተኛውን ስለሆነ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

ከራሳችን ቋንቋ እንነሳ። «ልጅቷ ደብዳቤ እየጻፈች ነው» እንላለን። ነገሩ የትናንት ከሆነ «እየጻፈች ነበር» ይሆናል። «እየጻፈች» የሚለው አልተነካም፤ የተለወጠው መጨረሻ ላይ ያለው «ነው» ነው። ወደ እንግሊዝኛው ስንሄድ «ሺ ኢዝ ራይቲንግ» የነበረው «ሺ ዎዝ ራይቲንግ» ይሆናል። እዚህም «ራይቲንግ» እንዳለ ነው፤ የተለወጠው «ኢዝ» ነው። ሥራው አንድ ዓይነት፣ ቦታው ግን ተቃራኒ። አማርኛ ጊዜውን ከሐረጉ ጅራት ላይ ሲያስር እንግሊዝኛ ከሐረጉ ራስ ላይ ያስረዋል። የእኛ ልጆች ዓይን በልማድ ወደ መጨረሻው ቃል ይሮጣል። «ሴንት» የሚለውን ያዩና «ያለፈ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ልጅዎን «ፓስት» ያሰኘው ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ እንዲህ ነው፦ በእንግሊዝኛ የግስ ሐረግ ውስጥ ጊዜን የሚሸከመው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። «ኢዝ ሴንት»፣ «ዎዝ ሴንት»፣ «ሃዝ ሴንት»፣ «ሃድ ሴንት» ብለው በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ይጻፏቸውና ልጅዎን ያሳዩት። «ሴንት» በአራቱም ቦታ አንድ ነው፤ ስለ ጊዜው የሚነግረን ነገር የለም። «ኢዝ» እና «ሃዝ» የአሁን ቅርጽ ናቸው፤ «ዎዝ» እና «ሃድ» የኃላፊ። ፕሬዘንት ፐርፌክት «ፕሬዘንት» የተባለው «ሃዝ» ወይም «ሃቭ» አሁን ስለሆኑ ነው፤ ፓስት ፐርፌክትም «ፓስት» የተባለው በ«ሃድ» ምክንያት ነው። ስሙን ለሚያስተውል ሰው መልሱ ስሙ ውስጥ ተቀምጧል። ልጅዎ በጻፈው መልስ ውስጥ «ሃድ» የሚባል ቃል የለም፤ ፓስት ፐርፌክት የማይሆነው በዚህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደንብ ስለ ተከታዮቹ ነው። እያንዳንዱ ረዳት ግስ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እሱ የፈለገውን ልብስ ያለብሰዋል። «መስት»፣ «ካን»፣ «ሜይ»፣ «ሹድ»፣ «ዊል» እና መሰሎቻቸው ተከታያቸውን ባዶውን፣ ማለትም ምንም ያልተጨመረበትን ቅርጽ ያስይዙታል። «ዱ»ም እንዲሁ። «ሃቭ» ሦስተኛውን ቅርጽ ያለብሳል፤ ተማሪዎች «ቪ ስሪ» የሚሉትን። «ቢ» ሁለት ልብስ አለው። ባለቤቱ ድርጊቱን እየፈጸመ ከሆነ «ኢንግ» ያለብሳል፤ ድርጊቱ የተፈጸመበት ከሆነ ሦስተኛውን ቅርጽ። «ሺ ኢዝ ኮሊንግ» ስትል እየጠራች ያለችው እሷ ናት፤ «ሺ ኢዝ ኮልድ» ሲሆን ግን የተጠራችው እሷ ናት። ሰልፉም አይዛነፍም፦ መጀመሪያ የ«መስት» ወገን፣ ከዚያ «ሃቭ»፣ ከዚያ የ«ኢንግ»ው «ቢ»፣ ከዚያ የተደራጊው «ቢ»፣ በመጨረሻ ዋናው ግስ። ሁሉም መገኘት የለባቸውም፤ የተገኙት ግን በዚህ ተራ ይቆማሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ኖም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ቀጭን መጽሐፍ ይህን ሁሉ በአንዲት አጭር ቀመር አስቀምጦታል። የቀመሩም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ቅጥያው የሚመጣው ከረዳት ግሱ ጋር ነው፤ የሚያርፈው ግን በተከታዩ ቃል ላይ ነው።

አሁን የልጅዎን ዓረፍተ ነገር እንፍታ። ሐረጉ የሚጀምረው ከ«ሃቭ» ሳይሆን ከ«መስት» ነው፤ ልጅዎ የመጀመሪያውን ቃል ጥሎታል፤ ጊዜ ያለበት ቃል ደግሞ እሱ ነበር። «መስት» ስላለ ቀጣዩ «ሃዝ» ወይም «ሃድ» ሊሆን አይችልም፤ ባዶው «ሃቭ» መሆን አለበት። «ሃቭ» ስላለ «ቢ» ሦስተኛ ቅርጹን ለብሶ «ቢን» ሆነ። «ቢን» ስላለ፣ ደብዳቤዎችም የሚላኩ እንጂ የሚልኩ ስላልሆኑ፣ «ሴንድ» ሦስተኛ ቅርጹን ለብሶ «ሴንት» ሆነ። «የስተርዴይ» ግስ አይደለም፤ ሐረጉ «ሴንት» ላይ ያበቃል። ስሙ «ሞዳል ፐርፌክት፣ ፓሲቭ» ነው፤ «ሞዳል» የ«መስት» ወገን፣ «ፐርፌክት» «ሃቭ»ና ሦስተኛው ቅርጽ፣ «ፓሲቭ» የተደራጊው «ቢ» ማለት ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ደብዳቤዎቹ ትናንት ሳይላኩ አልቀሩም» ይሆናል። ተናጋሪው ሲላኩ አላየም፤ ከሁኔታው ተነስቶ እየገመተ ነው። የ«መስት» ሥራ ይህ ነው።

የጓደኛው ስህተት ግን ይበልጥ ያስተምራል፤ «ሃቭ ቢን ሴንት» ብቻውን ቢቆም በእርግጥ ፕሬዘንት ፐርፌክት ነውና። ማስረጃው «የስተርዴይ» ላይ ነው። «ዘ ሌተርስ ሃቭ ቢን ሴንት የስተርዴይ» ተብሎ ቢጻፍ ይሰረዝበታል። እንግሊዝኛ ፕሬዘንት ፐርፌክትን ካለቀ የታወቀ ጊዜ ጋር አያጣምርም፤ «የስተርዴይ» ካለ «ወር ሴንት» ነው የሚባለው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነው። እኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል የሚያርመን የለም፤ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» የሚለው ስህተትም ከዚሁ ይወለዳል። ታዲያ «መስት» ሲገባ «የስተርዴይ» እንዴት ተፈቀደ? «መስት» ተከታዩን ባዶ ስለሚያደርገው የኃላፊ ቅርጽ የሚያርፍበት ቦታ ጠፍቷል። ድርጊቱን ወደ ኋላ መግፋት ሲያስፈልግ ያንን ሸክም «ሃቭ» ይቀበላል። «ሴንት»ም፣ «ሃቭ ሴንት»ም፣ «ሃድ ሴንት»ም ከ«መስት» በኋላ ሲገቡ ሦስቱም አንድ ይሆናሉ፦ «መስት ሃቭ ሴንት»። ስለዚህ እዚህ ያለው «ሃቭ» የፕሬዘንት ፐርፌክቱ አይደለም። ይህ ነገር በክፍል ውስጥ ሲብራራ ብዙም አላየሁም፤ ልጆቹም በየፈተናው የሚጨነቁት በዚሁ ቦታ ነው።

ስለ ፐርፌክት ካነሳሁ አይቀር ለዓመታት የተማሪ ደብተር ሳርም ደጋግሜ ያገኘሁትን ልጨምር። አንዲት ተማሪዬ የቤተሰቧን ፎቶግራፍ ስትገልጽ «ማይ ማዘር ሃዝ ዎርን ኤ ዋይት ነጠላ፤ ማይ ፋዘር ሃዝ ሳት ኦን ኤ ቼር» ብላ ጽፋ ነበር። ሰንሰለቱ ላይ ምንም ስህተት የለም፤ «ሃዝ» ሦስተኛውን ቅርጽ አስከትሏል። በአማርኛም ያሰበችው ትክክል ነው፦ እናቴ ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አማርኛ መልበስን እንደተፈጸመ ድርጊት ያየውና ውጤቱ አሁን እንዳለ ይናገራል። እንግሊዝኛ ያንኑ ልብስ ገላ ላይ እንዳለ የሚቀጥል ነገር ያደርገዋል፤ «ኢዝ ዌሪንግ»፣ «ኢዝ ሲቲንግ» ይላል። «ርቦኛል» እና «ደክሞኛል»ም ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ «ሃቭ» አይፈልጉም፤ «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ አም ታየርድ» ናቸው። የልጅዎን ድርሰት ሲያዩ «ሃዝ» ያለበት ቦታ ሁሉ «ለብሷል፣ ቆሟል፣ ተኝቷል» ከሚል አማርኛ የመጣ እንዳይሆን ይፈትሹለት።

ወደ ሐረጉ ዳርቻ ልመለስ። ግሶቹ ሁልጊዜ ተጠጋግተው አይቆሙም። «ዘ ዶር ሃዝ ኔቨር ቢን ኦፕንድ» ውስጥ «ኔቨር» እንግዳ ነው፤ ሐረጉ «ሃዝ ቢን ኦፕንድ» ነው። «ኖት»፣ «ኦልሬዲ»፣ «ኦልዌይስ»፣ «ፕሮባብሊ» ሁሉ እንደዚሁ መሐል ይገባሉ፤ በእርሳስ ማክበብና መዝለል ነው። በጥያቄ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ረዳት ግስ ብቻውን ባለቤቱን ተሻግሮ ወደ ፊት ይወጣል፦ «ሃቭ ዘ ሌተርስ ቢን ሴንት?» ሐረጉ ለሁለት ቢከፈልም ሐረግነቱ አልቀረም። ረዳት ግስ ጭራሽ ከሌለ እንግሊዝኛ «ዱ»ን ይዋሳል። ጊዜው ያን ጊዜ ወደ «ዱ» ይዛወርና ዋናው ግስ ባዶውን ይቀራል። «ሂ ኬም» የነበረው «ዲድ ሂ ከም?» ይሆናል። «ዲድ ሂ ኬም?» የሚለው ስህተት አንዱን ጊዜ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ይህ የ«ዱ» ውሰት ጥንት ግዴታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የጴጥሮስን ክህደት ሲተርክ፣ ማቴዎስ 26 ቁጥር 72 ላይ «አይ ዱ ኖት ኖው ዘ ማን» ይላል፤ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ 74 ላይ ደግሞ «አይ ኖው ኖት ዘ ማን»። ለእኛ ሁለቱም «ሰውየውን አላውቀውም» ናቸው። ዛሬ ግን ሁለተኛውን በፈተና ወረቀት ላይ የጻፈ ተማሪ ይቀጣበታል።

አጥሮ የተጻፈ ረዳት ግስም ብዙ ልጅ ያሳስታል። ከ«ሂ» ቀጥሎ ጭረትና «ኤስ» ብቻ ሲኖር «ኢዝ» ነው ወይስ «ሃዝ»? መልሱን የሚሰጠው ተከታዩ ቃል የለበሰው ልብስ ነው። «ኢቲንግ» ከተከተለ «ኢዝ» ነው፤ «ኢትን» ከተከተለ «ሃዝ»፣ ሰው አይበላምና። «ኢት» ላይ ሆኖ «ብሮክን» ሲከተል ግን ሁለቱም ይቻላል፤ «ተሰብሯል» እና «ተሰባሪ ሆኖ ይገኛል» መካከል የሚፈርደው የቀረው ዓረፍተ ነገር ነው። ጭረትና «ዲ» ሲሆንም እንዲሁ ነው፦ ባዶ ቅርጽ ከተከተለ «ዉድ»፣ ሦስተኛ ቅርጽ ከተከተለ «ሃድ»።

ግስ መስለው ጊዜ የማይሸከሙ ቃላትም አሉ። «ዘ ሌተርስ ሴንት የስተርዴይ ሃቭ አራይቭድ» ውስጥ «ሴንት» የዓረፍተ ነገሩ ግስ አይደለም። «ትናንት የተላኩት ደብዳቤዎች ደርሰዋል» ስንል አማርኛ «የ»ን ከፊት አስቀምጦ ያሳየናል፤ እንግሊዝኛ ግን ምልክቱን መጣል ይችላል። መለያው ቀላል ነው። የዓረፍተ ነገሩን ጊዜ ለውጠው ደግመው ይናገሩት፤ የሚለወጠው ቃል ጊዜ ተሸካሚው እሱ ነው። «ዘ ማን ስታንዲንግ ኒር ዘ ዶር ኖውስ ሚ» የሚለውን ወደ ትናንት ይውሰዱት። «ኖውስ» ወደ «ኒው» ይለወጣል፤ «ስታንዲንግ» ባለበት ይቆማል። «ቱ» የቀደመው ግስም ጊዜ የለውም። «ፑት» ደግሞ ሦስቱም ቅርጹ አንድ ስለሆነ ሌላ ምልክት ይሻል፦ «ሺ ፑት» ተብሎ «ኤስ» ካልተጨመረበት ያለፈ ነው፤ የአሁን ቢሆን «ፑትስ» ይባል ነበር።

አሥራ ሁለት ስለሚባሉት ቴንሶች እውነቱን ልንገርዎት። ግሱ ራሱ ቅርጹን በመለወጥ የሚያሳያቸው ጊዜዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የአሁንና የኃላፊ። የወደፊቱ የሚነገረው በ«ዊል» ነው፤ እሱም የ«መስት» ወገን ነው። ቆጠራው ሦስት ጊዜ በአራት መልክ ተባዝቶ የተገኘ ነው። ለፈተና ይጠቅማልና ልጅዎ ይያዘው፤ ነገር ግን ጊዜና ቅርጽ አንድ እንዳልሆኑ ይወቅ። ከማዕድ ቤት ሲጠሩን «መጣሁ!» እንላለን፤ ገና ከመቀመጫችን አልተነሳንም። ቅርጹ ኃላፊ ነው፣ ድርጊቱ የሚመጣ ነው። እንግሊዝኛም «ዘ ትሬን ሊቭስ ቱሞሮው» ሲል በአሁን ቅርጽ ነገን ይናገራል፤ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ ናው» ሲል በኃላፊ ቅርጽ ዛሬ የሌለውን ገንዘብ ይመኛል። «እሄዳለሁ»ም የዘወትሩም የነገውም ነው። በቅኔ ቤት ግስ ሲወርድ «ቀተለ፣ ገደለ፤ ይቀትል፣ ይገድላል» ነው የሚባለው፤ ያ «ይገድላል» የአሁኑንም የወደፊቱንም አብሮ ይይዛል። ሁለት ቅርጽ ብዙ ዘመን ሲያገለግል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

የቅኔ ቤቱን ካነሳሁ፣ ልጅዎ በቃሉ የሚይዘው ነገር ከፈለገ አሥራ ሁለቱን ስሞች ትቶ ግስ ያውርድ። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን፤ ፑት፣ ፑት፣ ፑት» እያለ፣ በዜማም ቢሆን፣ በቀን አምስት አምስት። ሦስተኛውን ቅርጽ ከሁለተኛው የማይለይ ልጅ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይረዳውም። መለማመጃ ደግሞ ቤት ውስጥ አለዎት፤ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፋ የምትገኘዋን የመመሪያ ወረቀት አይጣሏት። «ሹድ ኖት ቢ ቴክን»፣ «ሃቭ ፎርጎትን»፣ «ሜይ ኮዝ» የሚሉ ሐረጎች ሞልተውባታል። «ስቶር» ወይም «ኪፕ» ብሎ የሚጀምረው ግን ትእዛዝ ነው፤ ባዶ ቅርጽ ስለሆነ ጊዜ አይፈለግበትም። በቀይ የመጀመሪያውን ቃል፣ በሰማያዊ የቀሩትን ያስምር።

ለዛሬ ማታ ሦስት ልስጠው። አንደኛ፦ «ሃዝ ዩር ብራዘር ኤቨር ቢን ቶልድ ዘ ትሩዝ?» ሁለተኛ፦ «ዘ ሃውስ ቢልት ባይ ማይ ግራንድፋዘር ዎዝ ሶልድ ላስት ዪር።» ሦስተኛ፦ «ሺ» ብሎ ጭረትና «ዲ» አክሎ «ሃድ ኤናፍ ታይም»። በመጀመሪያው ሐረጉ «ሃዝ ቢን ቶልድ» ነው፤ ባለቤቱና «ኤቨር» መሐል ገብተዋል፤ ፕሬዘንት ፐርፌክት ፓሲቭ። በሁለተኛው «ቢልት» ያታልለዋል፤ «አያቴ የሠራው ቤት» ብሎ ከተረጎመው ግን «የ» ያወጣዋል። የዓረፍተ ነገሩ ግስ «ዎዝ ሶልድ» ነው። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ይቆይ። ከጭረቱ በኋላ ያለው «ሃድ» እዚህ ዋና ግስ ነው፣ «ሃቭ» ሦስተኛ ቅርጹን ለብሶ። ስለዚህ አጥሮ የተጻፈው ረዳት ግስ ሌላ «ሃድ» ነው፤ «ሃድ ሃድ»፣ ፓስት ፐርፌክት። በቦታው «ሃቭ» ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አጥሮ የተጻፈው «ዉድ» ይሆን ነበር።